የቀይ አፈር ደጃፍ ድንጋይ

ስርጉት ዘርትሁን ግማሽ ማመን የሚባል ነገር አታውቅም። ያላመነችው ሰው ያቀረበላትን ሻይ እንኳ አሽትታ ነው የምትጠጣው። ያመነችው ሰው ግን የቤቷን ኮድ፣ የመኪናዋን ቁልፍ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ሁሉ ይዞ ቢሄድ ዞር ብላ አታየውም። ታላቅ ወንድሟን ጋሹን እንዲህ ነበር የምታምነው። ነበር የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀይ አፈር ተወላጆች ኧርቪንግ ውስጥ፣ አውሮፕላኖች ጣሪያውን ሊነኩት ትንሽ በሚቀራቸው የኪራይ አዳራሽ ተሰብስበዋል። ቀይ አፈር ወሎ ውስጥ ያለች፣ ከጎረቤቶቿ በቀር ማንም የማያውቃት የገጠር ቀበሌ ናት። እዚህ ቴክሳስ ግን ልጆቿ አንድ አዳራሽ ይሞላሉ፤ ሾፌሩ፣ ነርሷ፣ ሆቴል የምትሠራው፣ ቢሮ የሚውለው፣ ሁሉም አለ። የመጡትም የአገር ቤቷ የቀይ አፈር ኪዳነ ምሕረት ጥገና አለቀ ተብሎ ነው። ስርጉት የምታውቀው ይህንኑ ነበር። ሆስፒታል ሥራ አድራ ወጥታ፣ ጎኗን እንኳ ሳታሳርፍ፣ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተሸክማ ደረሰች።

«አንቺ ሴት፣ አይደክምሽም?» አላት ጋሹ በሩ ላይ ዳቦውን እየተቀበላት። ከሱፉ በላይ ነጭ ጋቢ ጣል አድርጓል። ኮሚቴውን የሚመራው እሱ ነው፤ ወንበሩንም ጠረጴዛውንም ከሮውሌት ድረስ ጭኖ ያመጣው እሱ ነው።

«ሥራው አልቆልን እያለ እንቅልፍ ይወስደኛል? ለመሆኑ ቪዲዮው ላይ ደፉ ይታያል?»

«ሁሉም ይታያል። ሰርፕራይዝ ነው፤ አንቺ ቁጭ በይ ብቻ።»

ደፉ ምን እንደሆነ ካልተነገረ ይህ ታሪክ ወደፊት አይራመድም። ቀይ አፈር ኪዳነ ምሕረት በድንጋይና በጭቃ የተሠራች ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በሴቶች መግቢያ በር ሥር አንድ ረጅም ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። የምትገባ ሴት ሁሉ ጎንበስ ብላ ትስመዋለች። ስርጉትም ከእናቷ ጀርባ ወርዳ መራመድ ከጀመረች አንስቶ ስማዋለች። ፊቱ ላይ ጭረቶች ነበሩበት፤ አንዱ ሹካ ይመስላል፣ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ መሰላል። ልጆቹ ዶሮ የጫረው ነው ይሉ ነበር። የደብሩ መሪጌታ የነበሩት አባቷ መሪጌታ ዘርትሁንም ሲጠየቁ «የጥንት ነው፤ ዝም ብላችሁ ሳሙ» ይላሉ። ወንዶቹ በሌላ በር ስለሚገቡ ድንጋዩን የሚያውቁት ከሩቅ ነው። እንዲህ እየተሳመ ኖረ፤ ያነበበው ግን አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አይናዲስ የምትባል አርኪዮሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር ከአዲስ አበባ መጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቆፈር ቆፈር ሲያደርጉ ከቤተ ክርስቲያኑ በብዙ የሚቀድም የግንብ መሠረት አገኙ። በማግስቱ አይናዲስ ለቅዳሴ ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ ደፉን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ዶሮ የጫረው የተባለው ከግዕዙ ፊደል በፊት የነበረ የሳባ ፊደል ነበር። በዚያ አካባቢ ይገኛል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ያውም የሚታየው ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ በበሩ መቃን ሥር ተቀብሯል። አይናዲስ የሚታየውን ፎቶ አነሳች፤ ስንት ዘመን የሴት ከንፈር ያለፈበት ስለሆነ አብዛኛው ደብዝዟል። የተቀበረው ግን ሳይነካ እንዳለ ሊሆን እንደሚችል ገባትና እንቅልፍ አጣች።

ወዲያው መኪና አስመጥታ ድንጋዩን በጥንቃቄ ልታወጣና ወደ ቅርስ ማከማቻ ልትወስድ አሰበች። የቀይ አፈር ሴቶች ሰሙ። መጥተው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ደጃችንን ነቅለሽ የት ልትሄጂ ነው አሏት። ነገሩ ሊከር ሲል አስተዳዳሪው አባ ጥዑመልሳን የስርጉትን ስልክ ሰጧት። ያ አገር የስርጉትን ቃል ይሰማል፤ በሽታ በገባ ጊዜ መድኃኒት የላከች፣ ለእናቶች ሐኪም ያስመጣች እሷ ናት።

«እትዬ ስርጉት፣ እኔ ድንጋያቸውን ልቀማቸው አልመጣሁም» አለቻት አይናዲስ በስልክ። «ብተወው ዝናብ ይበላዋል፣ ሌባ ያየዋል። ከሁሉ የምፈራው ደግሞ አንድ ቀን አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንሥራ ብለው እንዳያፈርሱት ነው። ስንት ቦታ እንዲህ ሆኖ አይቼ አልቅሻለሁ መሰልዎት።»

ስርጉት አስታረቀች። የሴቶቹ ደጅ አይነቀልም። በምትኩ ቤተ ክርስቲያኑ ከጣሪያው በቀር አንድ ነገሩ አይነካም፤ አይናዲስም ፈቃድና ጽሑፉን የሚያነቡ ሊቃውንት ይዛ እስክትመለስ ድንጋዩ ባለበት ይጠበቃል።

«እንግዲያው መኪናውን በእርስዎ ቃል ነው የምመልሰው» አለች ልጅቷ።

«በኔ ቃል መልሺው።»

ከዚያ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ። ለአይናዲስ መኪና የተዘጋው መንገድ ለሲሚንቶ ግን አልተዘጋም፤ ይግረማችሁ። ስርጉት ጣሪያው እንዲጠገን በየቤቱ እየዞረች ሰው ቀሰቀሰች፤ ሥራውን የሚከታተለው ደግሞ ጋሹ ሆነ። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ዓይኗን እንቅልፍ እየከደነው ሳለ ደወለላት።

«ስርጉ፣ ሽማግሌዎቹ ያለ ስርጉት ቃል አንሠራም ብለው አቆሙብኝ። አንድ ቮይስ ላኪላቸው በቃ።»

«ምን ልበል?»

«ጋሹ የሚላችሁን አድርጉ በያቸው።»

አለች። እሱ ያላላትንም ከራሷ ጨመረች፤ «የሱ ቃል የኔ ቃል ነው» አለች። ስለ ቆርቆሮ የምትናገር መስሏት ነበር። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ፎቶ ይልክላታል፤ የተደረደረ ቆርቆሮ፣ መሰላል ላይ የቆመ አናጢ፣ ፈገግ ያሉ ቄስ። ደፉንም ላክልኝ ስትለው ኔትወርክ የለም ይላታል። ኔትወርክ እንደሌለ ደግሞ እውነት ነው፤ ጥሩ ውሸት ሁልጊዜ የሚደገፍበት አንድ እውነት አያጣም።

አሁን የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ቪዲዮውን ያቀናበረችው የጋሹ ልጅ ናኦሚ ናት። መዝሙር ተከፈተ፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ሥዕል መጣ። ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ሰማያዊ መስታወት የተገጠመለት፣ ጉልላቱ ዓይን የሚወጋ ትልቅ የብሎኬት ሕንፃ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

«ይቺ የየት ናት?» አለች ስርጉት አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጎንበስ ብላ።

«የየት ናት ትላለች እንዴ! የኛ ናታ!»

ስርጉት ሳቀች። ከዚያ ሕንፃው አጠገብ ያለውን የወይራ ዛፍ አየች። ቅርንጫፉ ላይ ስትንጠለጠል ክንዷን የተሰበረችበት ወይራ ነው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ካሜራው ዞር አለ፤ ክቡ ቤት የነበረበት ቦታ የአፈር ክምር ነው። ሥዕል የነበረባቸው ግድግዳዎች የሉም። ሴቶች የሚገቡበት በር የለም። ከአዲሱ ሕንፃ ፊት ለፊት ግን አንድ ረጅም ጥቁር ድንጋይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካሜራው ቀስ እያለ ቀረበው። ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ በላዩ በወርቅ ቀለም ተቀርጿል፤ «ለመሪጌታ ዘርትሁን ዓለምሸት መታሰቢያ፣ ልጆቻቸው።» ከታች ጥጉ ላይ፣ መላጊያ ማሽኑ ያልደረሰበት ቦታ፣ የአንድ ሹካ ግማሽ ቀርቷል።

ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። የፊተኞቹ ዞረው ለስርጉት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰገዱላት፤ የመሪጌታ ልጅ! እሷ ወንበሯን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች። የተሰማት ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የተሰማት እፍረት ነው፤ ሰው ፊት ልብሷን የገፈፏት ያህል። ወንድሟ ክዷታል፤ ክዷትም ሲያበቃ አስጨብጭቦላታል።

ናኦሚ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አክስቴ፣ ላይክ አደረግሽው? ማለቴ፣ የአያቴ ስም ጎልድ ሆነ እኮ! አባዬ ሲያየው ክራይ አደረገ። ሶ አሁን ቲክቶክ ላይ ፖስት አደረግኩት።»

ልጅቷ ምን አጠፋች? ስርጉት ግንባሯን ሳመቻት። «ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ። አባትሽ የት ነው?»

«ፓርኪንግ ሎት። ድሪንኮቹን እያወረደ ነው።»

ጋሹ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ የውሃ ካርቶን ሲያወርድ አገኘችው። ገና ፊቷን ሲያይ ካርቶኑን መልሶ አስቀመጠ። ያን ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቀዋል።

«ምንድን ነው ያየሁት ጋሹ?»

«አባባን ነው ያየሽው።»

«ጣሪያ ነበር ያልከኝ።»

«ጣሪያም አለው እኮ» አለ፤ ሊያስቃት ነበር። አልሳቀችም። ትክ ብላ ስታየው ጊዜ መናገር ጀመረ፤ ሲጨነቅ እንዲህ ነው፣ ማቆሚያ የለውም። «ስሚኝ፤ ቤቱ ሲፈርስ ድንጋዩ ሜዳ ላይ ወደቀ። ግንበኛው ሰባብሮ መሠረት ውስጥ ሊከተው ሲል ተዉ ያልኩ እኔ ነኝ። ሰው ሲረግጠው የኖረ ድንጋይ ነው፤ አቆምኩት፣ አከበርኩት። ምን አጠፋሁ?»

«አይረገጥም ነበር። ይሳም ነበር። አንተ በዚያ በር ገብተህ ስለማታውቅ ነው።»

ጋሹ ጋቢውን አስተካከለ።

«ጽሑፉስ?»

«ጭረቱ? ግንበኛው በግራይንደር አለሰለሰው። ያለዚያ የአባባ ስም አይነበብማ።»

«በመቃኑ ሥር የነበረውስ?»

ጋሹ እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። የሚገርመው ነገር እውነቱን ተናገረ፤ ምን እየተናገረ እንደሆነ ስላልገባው። «እሱማ ጉድ ነው! ግንበኛው ትናንት የተቀረጸ ነው የሚመስለው አለኝ። ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ። እሱን ለመላግ ነው ብዙ የደከመው።»

ስርጉት የመኪናውን በር ተደገፈች። «ፎቶ አንስቶታል?»

«ለምን ያነሳዋል?»

የተደበቀው ግማሽ፣ ማንም ሰው አንብቦት የማያውቀው፣ ለአንድ ግንበኛ ብቻ ታይቶ ዱቄት ሆነ። አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ሁለቱም ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር?»

«አልልም።»

«ታዲያ!» አለ ጋሹ፣ እንደረታ ሰው። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ናኦሚ ኩላሊቷ የተያዘ ጊዜ አስታውሺ። የሆስፒታሉ አይሲዩ በር ላይ ተንበርክኬ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። ልጄን ካተረፍሽልኝ አዲስ ቤት አሠራልሻለሁ ነው ያልኳት። አዲስ ነው ያልኩት፣ ስርጉ። ቆርቆሮ ቀይሬ ስለቴን አደረስኩ ልበላት? ልጄ ድና እዛ ውስጥ ትስቃለች። አንቺስ አጠገቤ ቆመሽ አሜን አላልሽም?»

ብላለች። እጇ ትከሻው ላይ ነበር፣ ዓይኗ ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ ከሕፃኗ መተንፈሻ ላይ፤ እሱ ያላትን ሁሉ አሜን ብላለች። ስለቱን አልናቀችበትም። ስለት ሳያደርሱ ማደር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታውቃለች፤ እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት። ቢነግራት ኖሮ ሌላ ቦታ አዲስ ይሠራል፣ አሮጌው እንዳለ ይቆያል ብላ አገር ታስታርቅ ነበር። ሜዳው ሰፊ ነው። ይህን ነው ያልጠየቃት።

«ሽማግሌዎቹ እንዴት እሺ አሉህ?» አለች። «ሴቶቹስ? ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው መኪና የመለሱ ሴቶች!»

ጋሹ ወደ ካርቶኖቹ ዞረ። «ያንቺን ቮይስ ሲሰሙ።»

«ምን?»

«አባ ጥዑመልሳን ሕዝቡን ሰብስበው ከፍተው አሰሙት። እሷ ካለች አሉ፣ ሴቶቹም ተነሥተው መንገድ ለቀቁ። አንዳንዶቹ አልቅሰዋል አሉ።»

ያን ጊዜ ነው ቁጣው የመጣው። ድንጋዩን ቢሰብር፣ ውሸት ቢነግራት፣ ሁሉንም እንደ ምንም ብላ ወንድሜ ነው ትለው ነበር። የገዛ ድምፅዋን ወስዶ የእናቷን ደጅ አፈረሰበት። እነዚያ ሴቶች እያለቀሱ የተነሡት አምነዋት ነው። እሷ እንዳመነችው እነሱም አመኗት፣ ሁሉም በሰልፍ ተሸጠ።

«ጋሹ፣ ካድከኝ» አለችው። ድምፅዋ አልጮኸም። «እኔ አንተን ሳምን አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላዬ አላየሁም። ካድከኝ።»

«ለአባባ ብዬ ነው እኮ...»

«አባባን ተዋቸው።» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ለማን ልትደውዪ ነው?»

«ለአይናዲስ። ናኦሚ ፖስት አድርጋዋለች። ከቲክቶክ ከምታየው ከኔ ትስማ።»

ጋሹ ክንዷን ያዘ። «አባ ጥዑመልሳን ሽማግሌ ናቸው። ቅርስ አጠፉ ተብለው ቢታሰሩስ? ሌባ ወሰደው በያት።»

«ድንጋዩ የአባቴን ስም በወርቅ ተሸክሞ አደባባይ ቆሟል፤ ሌባ ወሰደው ልበል?» ክንዷን አስለቀቀች። «በኔ ቃል ነው የፈረሰው። የሚጠየቅ ካለ ከኔ ይጀምር።»

አይናዲስ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። እዚያ ማምሸቱ ነው፤ ከኋላዋ የእራት ሳህን ይሰማል።

«እትዬ ስርጉት! ልደውልልዎ ነበር እኮ። መንገዱ ተከፈተልን፣ ፈቃዱም ወጣ! በመጪው ሳምንት ከሊቃውንቱ ጋር እንሄዳለን። መቃኑን ቀስ ብለን አንሥተን፣ ሥሩን አይተን፣ መልሰን እንደነበረ እናደርገዋለን፤ ለሴቶቹ ይንገሩልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ይህ ሁሉ...»

«አይናዲስ፣ ቁጭ በይ የኔ ልጅ» አለች ስርጉት።

ነገረቻት። ከቮይሱ ጀምራ፣ ግራይንደሩን፣ ወርቁን፣ የአባቷን ስም፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ወንድሜ አታለለኝ አለች፤ ግን ደግሞ በኔ ድምፅ ነው አለች። ከወዲያ የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

«አይናዲስ?»

«አለሁ።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኗል። «ሥሩ ያለው ምን ይመስል ነበር? ያየው ሰው አለ?»

«ትናንት የተቀረጸ ይመስል ነበር አሉ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ስትይዝ ተሰማ። «እኔ መኪናውን የመለስኩት እርስዎን አምኜ ነው» አለች።

«ስሙን አስፍቀዋለሁ» አለች ስርጉት። «ነገውኑ። የአባቴ ስም እዚያ ላይ አያድርም።»

«አይሆንም!» አለች አይናዲስ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችባት። «እባካችሁ አሁንስ አትንኩት! የድሮው ፊደል ጠልቆ የተቀረጸ ከሆነ ከሥሩ የቀረ ጥላ ይኖር ይሆናል፤ በመሣሪያ እንሞክራለን። እንደገና ከፋቃችሁት እሱንም ታጠፉታላችሁ። ስሙ እንዳለ ይቀመጥ። እኛ ፎቶ አንስተን ለዓለም የምናሳየውም እንዳለ ነው፤ ምን እንደደረሰበት ሰው ይወቅ።»

ስልኩ ተዘጋ። ታጠፉታላችሁ ስትል ከነጋሹ ጋር ቆጥራታለች፤ ስርጉትም ልክ ናት አለች በልቧ። ስልኩን እንደያዘች ፀሐይ ያጋለው አስፋልት ላይ ቆመች። ከአዳራሹ ውስጥ ከበሮ ተጀምሯል፤ ዳቦው ሊቆረስ ነው፣ የመሪጌታ ልጆች ይምጡ እያሉ ይጣራሉ።

«ምን አለች?» አላት ጋሹ ጠጋ ብሎ።

«የአባባ ስም አይነካ አለች።»

«ተመስገን!» ጋሹ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ፊቱ በራ። «አየሽ? ተምራለችና ገባት። እኔ እኮ ብዬሽ ነበር...»

«ስማኝ። አይነካ ያለችው ከሥሩ የቀረ ፊደል ካለ ብላ ነው። ድንጋዩን ፎቶ አንስተው በየመጽሐፉ፣ በየሙዚየሙ ያወጡታል። ጽሑፉን ያጠፋው ይህ ነው ብለው፣ ከነስሙ።»

ጋሹ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አባባ ናቸው ያጠፉት ሊሉ ነው?»

«ማንን ይበሉ?» አለች ስርጉት የመኪናዋን ቁልፍ እያወጣች። «የተጻፈው የሳቸው ስም ነው።»